የጋራይት ደቦ፦ ጣሊያን አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከቬሮናና ከቦልዛኖ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን የመንደሩ ሰዎች፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ወጡን ለሠሩልን እህቶቻችን፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ አውቶቡሱን በሰላም ላወጣልን ሾፌር ምስጋናችን ይድረሳቸው። የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርቡታል። ባጭሩ ሁለት ለቅሶ ደርሰናል፣ የልጆቹ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም፣ እንቁጣጣሽን አክብረናል፣ የታመመ ጠይቀናል። ይኸው ነው። ምስጋናውን ያቻኮልኩት ስለ ደቦአችን ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ነው።

ትናንት ማታ እዚህ አዳራሽ ውስጥ 60 ወንበር ደረደርን። አሁን ቆጥሬአችኋለሁ፤ 27 ናችሁ። ከ27ቱ 6ቱ ልጆች ናቸው፣ እነሱም ተጎትተው ነው የመጡት።

«ለምን ትሬንቶ አይሆንም? ለምን ተራራ ላይ ታስወጪናለሽ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱን ለማስረዳት የቆምንበትን ቦታ ትንሽ ላስተዋውቃችሁ፤ ከፊሎቻችሁ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖራችሁ ዛሬ ገና ነው ያያችሁት።

ጣሊያኖቹ ፍራሲሎንጎ ይሏታል። ከትሬንቶ በስተምሥራቅ፣ ከፔርጂኔ ከተማ ወደ ላይ፣ ከፌርሲና ወንዝ በስተግራ ተዳፋቱ ላይ የተለጠፈች ኮሙኔ፣ ማለትም የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ትንሽ አስተዳደር፣ ናት። ዋናው መንደር ከባሕር ወለል 850 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላደገች እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ ቆላ ነው፤ የጥር ብርዱን ግን ሀገሬ ላይ አላውቀውም። ነዋሪዎቿ ከ400 አይበልጡም። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት አላት። አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ብትበትኗቸው አንዱን ጥግ አይሞሉም።

ቋንቋቸው ሞኬኖ ይባላል፤ የጀርመንኛ ዘመድ ነው። አባቶቻቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን በኩል መሬት ፍለጋ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ በኋላም ማዕድን ቆፋሪዎች ተከተሏቸው። ዛሬ ቋንቋው የሚነገረው በሦስት ኮሙኔዎች ብቻ ነው፤ እዚህ፣ ፊዬሮዞና ፓሉ። እኔ ባዳንቴ፣ ማለትም የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ሆኜ ስሠራ የያዝኳቸው አንዲት አሮጊት የዚህ ሸለቆ ሰው ነበሩ። አእምሯቸው እየደከመ ሲሄድ መጀመሪያ የጠፋባቸው ጣሊያንኛው ነው። ውሃ ሲጠይቁኝ አልገባኝም። እሳቸው በልጅነት ቋንቋቸው ሲናገሩ እኔም በአማርኛ እየመለስኩ ሁለት ዓመት ኖርን፤ እውነቴን ነው፣ ከብዙ ሰው ጋር ከተግባባሁት በላይ ተግባብተናል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ በዚህች ኮሙኔ ከ357 ሰው 340ው «እኔ ሞኬኖ ነኝ» ብሎ አስመዘገበ። የእኛ መዝገብ ላይ 112 ሰው አለ። ወንበሮቹን ተመልከቷቸው።

ሞኬኖ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው ይባላል። «ሞኸን» በእነሱ ቋንቋ መሥራት ማለት ነው፤ ቃሉ ከአፋቸው ስለማይጠፋ ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። እኛን ጎረቤት ከአፋችን በማይጠፋው ቃል ይጥራን ቢል «እንመጣለን» የሚለን ይመስለኛል።

የመንደሯ ስም በራሳቸው ቋንቋ ጋራይት ነው። ትርጉሙ ምንጣሮ፣ ማለትም ደን ተጨፍጭፎ የተገኘ መሬት ነው። ይህን የነገሩኝ ቀን በጣም ደነገጥኩ፤ ለምን እንደደነገጥኩ አሁን ትደርሱበታላችሁ። ያ ሁሉ ተዳፋት በመጥረቢያና በክንድ የተመነጠረ ነው። መሬቱ ስለማይበቃቸው ወንዶቹ በብርዱ ወራት ሸቀጥ በጀርባቸው ተሸክመው የኦስትሪያን ግዛት በእግራቸው እየዞሩ ይነግዱ ነበር፤ ክሩመር ይሏቸዋል። እንደ እኛ ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለእርሻ ጊዜ ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሂትለርና ሙሶሎኒ በተዋዋሉት መሠረት፣ በመቶ የሚቆጠሩት ቤታቸውን ትተው ወደ ቦሄሚያ ሄዱ። ጦርነቱ ሲያልቅ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፣ እንደገናም ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወጣቱ ለፋብሪካና ለቢሮ ሥራ ወደ ከተማ የወረደው። ግጦሹን የሚያጭድ ጠፋ፣ ደኑም ቀስ እያለ ተመልሶ መጣ። ሰው የማይረግጠውን መሬት ቁጥቋጦ ለመውረስ አሥር ዓመት አይፈጅበትም።

እህታችን አጊቱ ኢዴኦ ጉደታ የገባችው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታሪኳን ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ ግን ይስሙ። አዲስ አበባ ተወለደች፣ ትሬንቶ ሶሲዮሎጂ ተማረች፣ ተመልሳም ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል ታገለች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሸሽታ መጣች። በ15 ፍየል ጀመረች። ሰው የተወውን 11 ሄክታር የሕዝብ መሬት ይዛ ደኑን በፍየል አስበላችው። ልትጠፋ የደረሰችውን የዚህን ሸለቆ ቡሬ ፍየል፣ ፔዛታ ሞኬና የሚሏትን፣ አረባች። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍየሎቿ 180 ደርሰው ነበር። ድርጅቷን «ደስተኛዋ ፍየል» ብላ በጣሊያንኛ ሰየመችው። ስድብና ዛቻ የደረሰባትም እዚሁ ነው፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2020፣ 43 ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አብሯት ይሠራ በነበረ ሰው እጅ ተገደለች።

እኔ ከገበያ ፎርማጆዋን፣ አይቧን ማለቴ ነው፣ እገዛ ነበር። «በሚቀጥለው እሁድ ወጥቼ ፍየሎቿን አያለሁ» እያልኩ ስንት እሁድ አለፈ። መጀመሪያ የወጣሁት ሻማ ለማብራት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን ከራሴ ጀምሬ ነው የምናገረው።

ባለፈው ዓመት ጉባኤ በእሷ መታሰቢያ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው የድንጋይ ሐውልት ይቁም የሚል፣ ሁለተኛው በዓመት ሁለት ቀን ወጥተን በደቦ የአንድ የአገሬው ፍየል አርቢ ግጦሽ ላይ ቁጥቋጦ እንመንጥር የሚል። ደቦው በከፍተኛ ድምፅ አለፈ። 43 ሰው ፈረመ፤ ወረቀቱ እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ።

ሰኔ ላይ 5 ሰው መጣ። አርቢውና ባለቤቱ 43 ሰው ይመጣል ብለን ስለነገርናቸው ለ40 ሰው ፖሌንታ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ሠርተው ጠበቁን። ትልቁን የመዳብ ድስት አይታችሁት ቢሆን! አምስታችን በላን። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የተረፈውን በፌስታል ቋጥራ «ለቀሩት ውሰዱላቸው» አለችን። ያ ፌስታል እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። መስከረም ላይ 3 ሆንን፤ አንዱ ልጄ ነው፣ የመኪናውን ቁልፍ እነሣሃለሁ ብዬው ነው የመጣው።

ዕድር ቢሆን ቀሪ ይቀጣል። እኛ ግን «ማኅበር ነው፣ በፈቃድ ነው» እያልን እዚህ ደረስን።

ሰው ጊዜ የለውም እንዳልል፣ በዚያው ሰሞን በቴሌግራም ገጻችን ላይ ስለ ሐውልቱ ከ600 በላይ መልእክት ተጽፏል። ቁጭ ብዬ ቆጥሬአለሁ። ደቦው በድምፅ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ! በምን ፊደል ይጻፍ፣ የትኛው ባንዲራ ይቀረጽበት፣ ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ «የማን ናት?» አንዱ የአባቷን ስም ይዞ ወደ አንድ ወገን ጎተታት፣ ሌላው የተወለደችበትን ከተማ ይዞ ወደ ሌላ። የሞተች ሴት! አራት አባላት በዚሁ ተኳርፈው ወጡ። በሕይወት ሳለች ከመካከላችን ማን ነው አንድ ቀን ፍየል ያገደላት?

በዚያ ክርክር ላይ ረጅሙን ጽሑፍ የጻፍከው ወንድሜ፣ ዛሬ የለህም። ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ይህ ንግግር በስልክ እየተቀረጸ እንደሆነ አይቻለሁ፤ እባካችሁ ላኩለት። አማርኛህ ያምራል፣ ጉልበትም አለህ፣ ግማሹን ብቻ ለማጭዱ ስጠው። አንቺም እህቴ፣ «ለምን አልተነገረኝም» ብለሽ ያኮረፍሽው፣ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። አራተኛውንም እደውላለሁ፤ እኔ ኩርፊያ አልችልበትም።

ገንዘብም ላንሳ። የዓመት መዋጮ 60 ዩሮ ነው፤ በወር አምስት፣ የአራት ማኪያቶ ዋጋ ነው። የከፈለው ከግማሽ በታች ነው። የዛሬው አውቶቡስ ለ50 ሰው ነው የተከራየነው፣ ባዶ ለመጣው ወንበር ሁሉ ከፍለናል። ገንዘብ ያዣችን ጉድለቱን ከኪሷ ሸፍና ዝም ብላለች፤ እኔ ግን አልልም። ለሐውልት የተሰበሰበው 210 ዩሮም እዚያው ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም፤ የሰጣችሁ ሰዎች ወይ ውሰዱት ወይ ለምን እንደሚውል ዛሬ ወስኑ።

የሚያኮራኝ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሰኔ ላይ አምስት ሆነን ያጸዳነው ቁራጭ መሬት ከዚህ መስኮት ይታያል፤ ከላይኛው ቤት በስተቀኝ፣ ያ ፈካ ያለ አረንጓዴው። ዛሬ ጠዋት ስመጣ 4 ፍየሎች ነበሩበት። ልጆቹ ሄደው ያዩዋቸው ዘንድ ከቡና በኋላ እንወስዳቸዋለን።

ማጭድና ጓንቱ በር ላይ ነው፣ 30 ጥንድ አለ። ከሰዓት በኋላ የሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ጉልበት የሌላችሁ እናቶች ቅርንጫፍ መሰብሰብ ትችላላችሁ። ዛሬ ፖሌንታውን የምናበላው እኛ ነን፤ ማለቴ እንጀራውን። አርቢውንና ባለቤቱን ለምሳ ጠርቻቸዋለሁ፤ በስድስት ሰዓት ተኩል ይመጣሉ።

ጸሐፊያችን፣ መዝገቡን ያምጡት። 112ቱንም ስም ያንብቡ። የቀሩትንም ጮክ ብለው፣ ሳይዘሉ።