የደረጃውን መብራት ከታችም ከላይም

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምንሠራው የአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ደረጃ ነው። ሦስት አምፖል አለ። ታች አብርተን እንወጣለን፣ ላይ ስንደርስ እናጠፋለን።

በቅድሚያ ብሬከሩን አውርዱ። ቴስተራችሁን ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩና መሥራቱን እዩ፤ ከዚያ የደረጃውን ሽቦ ፈትሹ። ይቺን እንዳትዘሏት።

(በቅርበት፦ የማብሪያው ጀርባ)

ተራው ማብሪያ ሁለት የሽቦ መግቢያ ነው ያለው። እኛ የምንፈልገው ቱ ዌይ ሦስት አለው፦ ኮመን፣ ኤል 1 እና ኤል 2። ስትጫኑት ኮመኑ አንዴ ከኤል 1፣ አንዴ ከኤል 2 ጋር ይገናኛል። የኮመኑ ቦታ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ በግምት አትሂዱ፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ፌዙን፣ ማለትም ኮረንቲ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ፣ ታችኛው ማብሪያ ኮመን ላይ አስገቡ። የታችኛውን ኤል 1 ከላይኛው ኤል 1፣ ኤል 2ን ከኤል 2 አገናኙ። ከላይኛው ኮመን የሚወጣው ሽቦ ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል።

ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ ኒውትራሉስ? ማብሪያው ጋ ድርሽ አይልም፤ ቀጥታ ወደ አምፖሎቹ ነው። ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ከሆነ መብራቱ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን አምፖሉ የሚገባበት ሆልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። ፌዙና ኒውትራሉ ደግሞ ከአንድ ብሬከር ይምጡ። ሽቦ ለመቆጠብ ብሎ ፌዙን ከታች፣ ኒውትራሉን ከላይ ፎቅ መስመር መውሰድ በጭራሽ አይሞከርም።

አምፖሎቹን በፓራለል ቀጥሉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ከማብሪያው በሚመጣው ሽቦና በኒውትራሉ መካከል፤ እያንዳንዱ ሙሉ 220 ቮልት ያገኛል። በተከታታይ ከሆኑ ግን ቮልቱን ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹም ይጠፋሉ።

(በቅርበት፦ የላይኛው ማብሪያ ሽቦዎች)

አሁን በብዛት የሚያጋጥመውን ችግር ልንገራችሁ። ላይኛው ማብሪያ በአንድ በኩል ሲሆን ታችኛው በደንብ ይሠራል። ላይኛውን ስትገለብጡት ግን ታችኛውን ብትጫኑት ብትጫኑት መልስ የለውም። ማብሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ ሌላ ለመግዛት አትሩጡ፣ ግድግዳም አትቦርቡሩ። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ማብሪያዎች በአንዱ ላይ የኮመኑ ሽቦ ከኤል 1 ወይም ከኤል 2 ጋር ተቀያይሮ ነው። ብሬከሩን አውርዱ፣ ሁለቱንም ማብሪያ እዩና የተቀያየሩትን ሽቦዎች ወደ ቦታቸው መልሱ። በቃ።

መሐል ላይ ሦስተኛ ማብሪያ ካስፈለገ ኢንተርሚዲየት የሚባለውን ግዙ። አራት መግቢያ አለው፤ በሁለቱ የኤል ሽቦዎች መካከል ገብቶ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ አቋርጦ ያገናኛቸዋል። አራተኛም አምስተኛም ቢጨመር ያው ኢንተርሚዲየት ነው፤ ዳርና ዳር ያሉት ቱ ዌይ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ስትጨርሱ ብሬከሩን አንሱና ሁሉንም ማብሪያ እያፈራረቃችሁ ተጫኑ። አንዱን ማብሪያ በተጫናችሁ ቁጥር መብራቱ ወይ መብራት ወይ መጥፋት አለበት።