ሰርቨሩ ስሙን የሚሰማው ከእናንተ ነው

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሶፍትዌር ተማሪዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ብሮውዘሩ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ይጽፋል፤ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ሰርቨሩ የተፈለገው የትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ በምን ያውቃል? "በዶሜይኑ ነዋ!" ትሉኝ ይሆናል። ግን እኮ ዲኤንኤስ የሚባለው የስም ማውጫ ዶሜይኑን ወደ አይፒ ቁጥር ቀይሮታል። ግንኙነቱ የሚከፈተው በቁጥሩ ነው። ሰርቨሩ በር ላይ የደረሰው ግንኙነት ብቻውን ስም የለውም።

መጀመሪያ ላይ ይህ ማንንም አላስጨነቀም። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1991 ጥያቄው አንድ መስመር ነበር፦ "ጌት" የሚለው ቃልና የገጹ ፓዝ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ገጹ የሚገኝበት መንገድ። አንድ አይፒ ላይ አንድ ድረ ገጽ ይቀመጣል፣ በቃ። ድረ ገጾች ሲበዙ ግን ነገሩ ተበላሸ። የአይፒቪ4 አድራሻዎች ቢቆጠሩ ቢቆጠሩ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ አንዳንድ ማደል አያዋጣም። ስለዚህ በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 "ሆስት" የሚባለውን ሄደር፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር የሚላከውንና የድረ ገጹን ስም የያዘውን መስመር፣ ግዴታ አደረገው። ሆስት የሌለው የ1.1 ጥያቄ በ400 ("የተበላሸ ጥያቄ" በሚለው የስህተት ቁጥር) ይመለሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቢሮዎች ያሉበት ሕንፃ ስትገቡ ጥበቃው "የት ነው?" ይላችኋል። "ጥርስ ሐኪሙ ጋ" ካላችሁ ወደዚያ ይመራችኋል። እውነት ጥርሳችሁን ታማችሁ እንደሆነ አያጣራም። ሆስት ሄደርም እንደዚሁ ነው። ጠያቂው የተናገረው ነገር ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አፓቼም ሆነ ኤንጂንኤክስ የሚባሉት የሰርቨር ሶፍትዌሮች የተነገራቸውን ስም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ካሉት ስሞች ጋር ያስተያያሉ። የሚመሳሰል ካጡ አይቆጡም፤ ሌላ ካልተባሉ በስተቀር ጥያቄውን መጀመሪያ ለተጻፈው ድረ ገጽ ይሰጡታል። አዲስ ዶሜይን አስገብታችሁ የሌላ ሰው ገጽ ሲከፈትባችሁ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

በተመሰጠረው ኤችቲቲፒ፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥለትን ሰርተፊኬት ማሳየት ያለበት ሆስት ሄደሩን ከማንበቡ በፊት ነው። ታዲያ የማንን ሰርተፊኬት ያሳይ? ለዚህ በ2003 ኤስኤንአይ መጣ፦ ብሮውዘሩ ስሙን ገና ሰላምታው ላይ ይናገራል። ስሙ ሁለት ጊዜ ተነገረ ማለት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ላይገጥሙ ይችላሉ። ሳንሱር ለማምለጥ ውጭው ላይ (በኤስኤንአይ) አንድ ስም፣ ውስጥ (በሆስት) ሌላ ስም የሚልኩ ነበሩ። ጉግልና አማዞን በ2018 ይህን መንገድ ዘጉት።

ሙሉ ዩአርኤሉስ? እሱንም ሰርቨሩ ራሱ ነው የሚገጣጥመው። ስሙን ከሆስት፣ ፓዙን ከመጀመሪያው መስመር ይወስዳል። ከ# በኋላ ያለው ጨርሶ አይደርሰውም። ኤችቲቲፒ ይሁን ኤችቲቲፒኤስ የሚለው በ1.1 ጥያቄ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ ከግንኙነቱ ይገመታል። ከፊት ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ካለና ምስጠራውን እሱ ከፈታው፣ አፕሊኬሽናችሁ የሚያየው ተራ ኤችቲቲፒ ነው። "ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ" ብሎ ይመልሳል፤ ብሮውዘሩ እዚያው ነበር፤ እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይመለሳል። መፍትሔው ፕሮክሲው ትክክለኛውን በፎርዋርድድ ሄደር እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው። ያንንም ሄደር ከራሳችሁ ፕሮክሲ ሲመጣ ብቻ እመኑ፤ ማንም ጽፎ ሊልከው ይችላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፓዝ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ በፐርሰንት ምልክት ተቀይሮ 9 ቁምፊ ይሆናል። "ሰላም" ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ 27 ቁምፊ ነው። ሎጋችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ ካያችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልግባ። "የይለፍ ቃል ረሳሁ" የሚለውን ገጽ ሠርታችኋል እንበል። ኢሜይሉ ውስጥ የሚገባውን ሊንክ ኮዳችሁ ከሆስት ሄደሩ ይገነባል። ሌባው የደንበኛችሁን ኢሜይል ያስገባል፤ ሆስቱ ላይ ግን የራሱን ዶሜይን ይጽፋል። ኢሜይሉ ከእናንተው ይላካል፤ አርማው የእናንተ፣ ላኪው የእናንተ። ሊንኩ ብቻ የሌባው ነው። ደንበኛው አንዴ ከነካው ሊንኩ ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ቶክን (ምስጢራዊ ኮድ) ሌባው እጅ ገባ።

ጃንጎ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ በ2013 በ1.5 ስሪቱ የሚፈቀዱ ሆስቶችን መዘርዘሪያ ያመጣው ለዚህ ነው። እናንተስ? ዲባግን (የስህተት መፈለጊያውን ሁነታ) ስታጠፉ ስህተት ይመጣባችኋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉንም የሚፈቅደውን ኮከብ ምልክት ታስገቡና "ሠራ!" ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ያቺ ኮከብ የተዘጋውን በር መልሳ ትከፍተዋለች። በእኔ እምነት ሊንክ ከሆስት ሄደር ጭራሽ መገንባት የለበትም። የድረ ገጻችሁን አድራሻ ሴቲንግ ውስጥ ጻፉት፤ ከዚያ ውሰዱት። የማይታወቅ ስም ይዞ የሚመጣውንም የሚመልስ ነባሪ ሰርቨር ከፊት አስቀምጡ።

ዛሬ ማታ ከርል የሚባለውን የጥያቄ መላኪያ መሣሪያ ክፈቱና የራሳችሁ ሰርቨር ላይ የፈጠራ ሆስት ላኩበት። የሚመልስላችሁን ገጽ ሶርስ አንብቡ፤ የፈጠራችሁት ስም ሊንኮቹ ውስጥ ካለ ነገ ጠዋት የምትጀምሩት ሥራ አላችሁ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ወደ ማይኩ ኑ።