ለድብርት ቀን የሚሆን የጠዋት ልማድ

[ምስል፦ የኮንዶሚኒየም መኝታ ክፍል፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ከውጭ የታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማል።]

ተራኪ፦ ስለ አእምሮ ጤና ምክር ሲነሣ ዝርዝሩ ይረዝማል፦ ስፖርት ሥሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ አመስግኑ፣ ስልክ አስቀምጡ። ድብርት የተጫነው ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ይብሱኑ ይደክመዋል። ስለዚህ እኛ የምናተኩረው በአንዱ ላይ ነው፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥቶ ደጅ መውጣት።

የመኝታው ሰዓት ለምን አልሆነም? እንቅልፍ ስለማይታዘዝ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጋደም ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት መገላበጥ አለ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአልጋ መውረድ ግን፣ ቅር እያለንም ቢሆን፣ በእጃችን ነው።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል፤ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ አንዲት ነጥብ ትበራለች።]

አንጎል ውስጥ የሩዝ ፍሬ የማታህል፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት የተሰባሰቡባት ቦታ አለች። የሰውነታችን ሰዓት እርሷ ናት። እንቅልፍ መቼ እንደሚመጣ፣ የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ የምታስተባብረው እርሷ ናት። ብቻዋን ከተተወች ግን የአብዛኛው ሰው ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል፤ ስለዚህ በየቀኑ መታረም አለባት። የምታርማት በተለይ የጠዋት ብርሃን ናት። የዚህን ሰዓት የጂን አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑ ሦስት አሜሪካውያን በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

[ምስል፦ የብርሃን መለኪያ፤ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ፣ ቀጥሎ በረንዳ ላይ።]

አምፖል ማብራትስ? አይበቃም። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው፤ የሳሎን መብራት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢሰጥ ነው። ውጭ ግን ሰማዩ በክረምት ደመና በተሸፈነበት ቀን እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ፀሐይዋን ትኩር ብሎ ማየት አያስፈልግም፣ ዓይንም ይጎዳል፤ ደጅ መቆም ይበቃል። አገር ቤት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ የሰዓት ቆጠራችንም ከዚያው ይነሣል። ይህን ጸጋ ከነመጋረጃው ዘግቶ እስከ ረፋድ ስልክ መነካካት ያሳዝናል።

ስዊድን፣ ስቶክሆልም ላላችሁ ነገሩ ይለያል። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብዙዎች ክረምት በገባ ቁጥር ሆድ የሚብሳቸው በናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል። ለወቅታዊ ድባቴ ሐኪሞች 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መብራት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል ያዛሉ። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን ከልክ ባለፈ መነቃቃትና በድባቴ መካከል የሚያመላልስ ሕመም፣ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ የዕጣን ጭስ።]

ቡናን የምናነሣው ፈራ ተባ እያልን ነው። ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ብቸኝነትን የሚያባርር፣ ማንም ሐኪም የማይነቅፈው ልማድ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀምና እንቅልፍ የሚጠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ካፌይን ቦታውን ይዞበት መልእክቱን ያግዳል። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው ቡና፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ አለ ማለት ነው። ጀበናውን ወደ ረፋድ ማምጣት እንጂ ማስቀረት አልተባለም።

[ምስል፦ አንዲት ሴት ነጠላዋን ደርባ ደጇን ትጠርጋለች።]

“ደስ ሲለኝ እወጣለሁ” የሚለው ሐሳብ ድባቴ ላይ አይሠራም። ፍላጎት ብዙውን ጊዜ ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው፤ አንዱ የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሹን መምረጥ፦ ብርድ ልብስ ማጠፍ፣ ደጅ መጥረግ፣ እስከ ሱቅ ደርሶ መመለስ።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ መግቢያ።]

ልማድ ሕክምናን አይተካም። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየዋለ ለሁለት ሳምንት ከዘለቀ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ አብሯችሁ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጸበል የምትጠመቁም መድኃኒት ከጀመራችሁ ሐኪሙ ሳያውቅ አታቋርጡ፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።