ሙሽራው አለ፣ እንግዳው የለም፦ ወረርሽኝ የመዝናኛ ፓርክንና የጉዞ ሥራን እንዴት ነው የሚመታው?

[ምስል፦ ባዶ የሮለር ኮስተር ባቡር ሲሄድ]

እስኪ ይሄን ባቡር እዩት። ይወጣል። ይወርዳል። ይገለበጣል። ውስጡ ግን ማንም የለም። የሚጮህ የለም፣ እጁን የሚያነሳ የለም፣ ኮፍያውን ነፋስ የሚወስድበት የለም። ፓርኩ ዝግ ነው። ባቡሩ ግን ይሄዳል።

ሰው ከሌለ ለምን ይሄዳል? ይሄን ጥያቄ ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ሰላም ቤተሰብ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ወረርሽኝ ሲመጣ የመዝናኛ ፓርኮች፣ አየር መንገዶች፣ ሆቴሎችና መርከቦች ምን እንደሚሆኑ ነው። እዚያ የሚሠራው ሰውስ? እሱም አለ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ኮሜንት ላይ "ተሳስተሃል" እንዳትሉኝ።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የሆነውን ቶሎ ቶሎ እንከልሰው። ጃንዋሪ 25 ዲዝኒላንድ የሚባለው የሻንጋይ መዝናኛ ፓርክ ተዘጋ። በማግስቱ የሆንግ ኮንጉ። ፌብሩዋሪ ሲያልቅ የቶኪዮው። ማርች 11 የዓለም ጤና ድርጅት "ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው" አለ። በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ፓሪስ ተከታትለው ተዘጉ። የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ በ1955 ነው የተከፈተው። ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ ለሐዘኑ ተዘጋ። በ2001፣ ሴፕቴምበር 11፣ ተዘጋ። እነዚህ የአንድ ቀን ነገር ናቸው። በ2020 ግን ማርች አጋማሽ ላይ ተዘግቶ የተከፈተው ኤፕሪል 30፣ 2021 ነው። ዓመት ከወር ተኩል።

ሰማዩም ባዶ ሆነ። በ2019 አውሮፕላን የተሳፈረው መንገደኛ 4.5 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2020 ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ።

እሺ። አሁን ወደምወደው ነገር። ምሳሌዬ። ጓደኞቼን በዚህ ምሳሌ አሰልችቻቸዋለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ሰርግ አስቡ። ትልቅ ሰርግ። አዳራሹ ተከራይቷል። ወንበሩ ተደርድሯል። ምግቡ በስሏል። ዘፋኙ ማይኩን ይዞ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት" እያለ ነው። ካሜራማኑ መብራቱን አስተካክሏል። አስተናጋጆቹ በር በሩን እያዩ ቆመዋል። ሙሽሮቹ ቦታቸውን ይዘዋል። እንግዳ ብቻ የለም። አንድም ሰው!

ምግቡን ለነገ ታሳድሩታላችሁ? እሺ፣ ጥቂቱን። ዘፋኙንስ? የዛሬውን ዘፈን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ነገ ታሞቁታላችሁ? የአዳራሹ ባለቤትስ "የትናንቱን ቀን ስላልተጠቀማችሁበት ወደ ነገ ይተላለፍላችሁ" ይላል? አይልም። ቀኑ ሄደ። ሄደ በቃ።

የመዝናኛ ፓርክ ማለት በየቀኑ ሰርግ የሚደግስ ቤት ነው። በየቀኑ! ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚዘፍነው፣ የሚያበስለው፣ ባቡሩን የሚያስነሳው፣ የአይጥ ልብስ ለብሶ ልጅ የሚያቅፈው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አዎ፣ አይጡ ውስጥ ሰው አለ። ከልጅ ጋር የምታዩ ካላችሁ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ትዝ ያለኝ።

አየር መንገድም ሰርግ ነው። 200 ወንበር ያለው አውሮፕላን 20 ሰው ይዞ ቢነሳ፣ የተረፈው 180 ወንበር በሚቀጥለው በረራ ላይ አይጨመርም። ሆቴልም ሰርግ ነው። የማክሰኞ ማታ አልጋ ረቡዕ ጠዋት አይሸጥም።

ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው እንደዚህ አይደለም። ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጠዋል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሰርገኛው ቤት ግን ምንም የሚጠብቅ የለም። ሰው ምን ቢናፍቅ፣ ምን ቢጓጓ፣ ያመለጠውን ሰርግና የዛሬውን በአንድ ሆድ አይበላም። ለዚያ ነው "ሲከፈት ሰው ይጎርፍና ይካካሳል" የሚለው ሂሳብ የማይሠራው።

ይሄ ምሳሌ በጣም ነው የሚመቸኝ። እናንተንም ከተመቻችሁ ላይክ ግጩት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደግሞ ደወሏን ነካ አድርጓት፣ አትናከስም።

ቁጥሩን በፍጥነት። ቋሚ ወጪ ማለት እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈለው ነው፤ ተለዋዋጭ ወጪ ደግሞ እንግዳው ሲበዛ የሚጨምር፣ ሲያንስ የሚቀንስ። የዲዝኒ ፓርኮች ያሉበት የኩባንያው ክፍል አለ፤ መርከቦቹም፣ የአሻንጉሊቱ ሥራም እዚያው ናቸው። በ2019፣ እስከ ጁን መጨረሻ ባሉት ሦስት ወራት፣ 6.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስገብቶ 1.7 ቢሊዮን ያህል አተረፈ። ስለዚህ ወጪው 4.9 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዓመቱ፣ በዚያው ሦስት ወር፣ ገቢው 1 ቢሊዮን እንኳን አልሞላም። ኪሳራው ወደ 2 ቢሊዮን። ስለዚህ ወጪው 3 ቢሊዮን ገደማ። ገቢው በ85 በመቶ ሲወድቅ ወጪው የወረደው በ40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቴክኒኩ ይሄ ነው፣ አለቀ።

አላለቀም። ኮሜንት አለ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው ስላችሁ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጻፈልኝ። አንዱ እንዲህ አለ፦ "ወንድሜ፣ በሩን ከዘጋ ምን ወጪ አለበት? መብራቱን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይሂድ።" ከስሩ ደግሞ ላይክ በላይክ ሆኗል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ ላልፍ ነበር። አልቻልኩም።

ባቡሩን አስታወሳችሁት? የሮለር ኮስተር ባቡር የሚሽከረከርባቸው ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሱ ናቸው። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክመው አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከቆሙ ቅርጻቸው ይበላሻል። ቅባቱ ይደርቃል። ብሬኩና ሴንሰሩ መፈተሽ አለባቸው። ስለዚህ ባዶውን ይነዳል። ለመንዳት ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ደሞዝ ይፈልጋል።

የመዋኛ ገንዳው ውሃ ካልተጣራ ይሻግታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። እንስሳት ያሉበት ፓርክማ ሌላ ጉድ ነው። ዶልፊንን "ወረርሽኝ ስለሆነ ዛሬ ምሳ የለም" ልትለው አትችልም። ዶልፊን ዜና አይሰማም።

አውሮፕላን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በ2020 ስፔን ውስጥ ቴሩኤል፣ አውስትራሊያ ውስጥ አሊስ ስፕሪንግስ፣ አውሮፕላን እንደ መኪና ተደርድሮ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ የሄዱት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ዝገት ይቀንሳል። ግን ዝም ብሎ አቁሞ መሄድ የለም። ሞተሩ ይሸፈናል። ፍጥነት ለመለካት አየር የሚገባባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ እነሱም ይከደናሉ፣ ነፍሳት ጎጆ እንዳይሠሩባቸው። ጎማዎቹ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይጫኑ በየጊዜው ይዞራሉ። ይሄን ሁሉ እየዞረ የሚያደርገው ደግሞ ሰው ነው። ፓይለቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ይጠበቅበታል። በረራ ከሌለ ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም በረራን በሚያስመስል ማሽን ላይ ይለማመዳል። ሲሙሌተሩ በነጻ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቁልፍ ኪስ ከትቶ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

"ኢንሹራንስስ?" ያላችሁም አላችሁ። የሥራ መቋረጥ ኢንሹራንስ ባብዛኛው የሚከፍለው እሳት ወይም ጎርፍ ንብረት ሲጎዳ ነው። ቫይረስ ግድግዳ አያፈርስም። በ2003 ሳርስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ከመጣ በኋላ ደግሞ ብዙ ኢንሹራንሶች ቫይረስን በስሙ ጠርተው ከውላቸው አወጡት። የዊምብልደን ቴኒስ አዘጋጆች ለወረርሽኝም ኢንሹራንስ ገብተው ነበር። የ2020ው ውድድር ሲሰረዝ ተከፈላቸው። እንደነሱ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ምኑ ይቀነስ? ዶልፊኑ ይበላል። ብድሩ ወለዱን ይፈልጋል። ባቡሩ ይፈተሻል። የቀረው ሰው ነው።

ወደ ሰርጋችን እንመለስ። ሙሽሮቹ እኮ ሁለት ሦስት ምስክር ይዘው ቤታቸው መጋባት ይችላሉ። የተጎዳው ዘፋኙ ነው። አስተናጋጁ ነው። ሳህን አጣቢዋ ናት።

ዲዝኒ በኤፕሪል 2020 ከ100,000 በላይ ሠራተኞችን ያለ ደመወዝ ፈቃድ አስወጣ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? አልተባረርክም፣ ግን አይከፈልህም። ስምህ መዝገብ ላይ አለ፣ ኪስህ ባዶ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ 28,000 ሰው ከሥራ እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ከነዚህ 67 በመቶው የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አልነበሩም። ኖቬምበር ላይ ቁጥሩ 32,000 ደረሰ። ለመንገደኛ ማረፊያ ቤት የሚያገናኘው ድረ ገጽ፣ ኤርቢኤንቢ፣ ከአራት ሠራተኞቹ አንዱን አሰናበተ። ሰርከስ የሚያሳየው ሰርክ ዱ ሶሌይ 95 በመቶ ሠራተኞቹን ለጊዜው ከሥራ አስወጣ። የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ምክር ቤት ሲደምረው በ2020 ብቻ 62 ሚሊዮን የሥራ ቦታ ጠፍቷል።

እኔን በጣም የገረመኝ የሽርሽር መርከቦቹ ነገር ነው። መንገደኞቹ ወርደው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሠራተኞቹስ? ወደቦች አናስገባም አሉ፣ በረራም የለም። ሼፉ፣ ጽዳቷ፣ ዳንሰኛው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ባሕር ላይ ቀረ። የሠራተኛ ክፍል ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከታች ነው፣ ብዙው መስኮት የለውም። አንዳንድ ኩባንያዎች በረንዳ ያላቸውን የመንገደኛ ክፍሎች ለሠራተኞቹ ሰጧቸው። እስቲ አስቡት፤ ለዓመታት አንሶላውን ስትቀይርበት የኖርክበት ክፍል ውስጥ ተኝተህ ባሕሩን ታያለህ። ደሞዝ ግን የለም።

በነገራችን ላይ እኔም የዚያን ሰሞን ትኬት ቆርጬ ነበር። በረራው ተሰረዘ። ብሬን መልሱልኝ ስል ቫውቸር ላኩልኝ። ቫውቸሩ የሚያልፍበት ቀን አለው፣ በረራ የሚጀመርበት ቀን ግን የለውም። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ሂሳቡ ይገባኛል፤ የዛሬው አውሮፕላን ለነገ በረራ ቀድሞ በተሸጠ ትኬት ብር ነው የሚበረው። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን "ብሬን" ካለ ካዝናው ይራቆታል። ይገባኛል አልኩ እንጂ ይቅር አልኩ አልወጣኝም።

ከዚያ ሰው ተመለሰ። በ2022 ክረምት ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወጣ። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ግን ጁላይ ላይ "በቀን ከ100,000 በላይ ተነሺ መንገደኛ አልችልም" አለ። አየር መንገዶችንም ትኬት መሸጥ አቁሙልኝ ብሎ ለመነ። ሻጭ ገዢን አትምጣ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አውሮፕላኑ ነበር፣ ማኮብኮቢያው ነበር። ሻንጣ የሚጭነው ሰው ነው የጠፋው። በ2020 "ሂድ" ተብሏል። ሄደ። ሌላ ሥራ ያዘ፣ ማታ ማታ ቤቱ የሚያድርበት ሥራ። አዲስ ሰው ቢቀጠር ደግሞ ማንነቱ ሳይጣራ አውሮፕላን አጠገብ አይቀርብም፤ ማጣራቱ ሳምንታት ይፈጃል። እንግዳው በር ላይ ተኮልኩሏል፣ ዘፋኙ ግን ማይኩን ሸጦታል።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። የጃፓን ፓርኮች በ2020 መልሰው ሲከፈቱ ሮለር ኮስተር ላይ መጮህ አይበረታታም ተባለ፤ ምራቅ ይረጫላ! ሰው "እንዴት ይቻላል?" ብሎ ሳቀ። ይሄኔ ፉጂኪዩ ሃይላንድ የሚባለው ፓርክ ሁለት አለቆች ሱፍ ለብሰው፣ ማስክ አድርገው፣ ፉጂያማ የሚባለውን ኮስተር ሲሳፈሩ ቀርጾ ለቀቀ። ባቡሩ ይወጣል። ይወርዳል። ሁለቱ ሰዎች ቢሮ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ትንፍሽ የለም። አንደኛው እንዲያውም ነፋሱ መሃል ፀጉሩን ያስተካክላል። መጨረሻ ላይ ጽሑፍ ይመጣል፦ "እባክዎ ልብዎ ውስጥ ይጩሁ።"

[ምስል፦ የመጀመሪያው ባዶ ባቡር እንደገና]

በሚቀጥለው ሳምንት ብሬኩ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ቻው።