ያን ፕላስተር እንዳትለጥፉ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከመንዝ በኩል የአሥር ቀን ልጇን ታቅፋ መጣች። የልጁ እግር ቆዳው ተገፏል። እኔም ቁስሉን ጠርጌ በፋሻ ሸፈንኩና በፕላስተር አሸግኩት። በማግስቱ ፕላስተሩን ሳነሳ ጤነኛው ቆዳ አብሮ ተነሳ። የዚያ ልጅ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እዚህ የቆምኩት ማናችሁም ያን ፕላስተር እንዳትለጥፉ ብዬ ነው።

በሽታው ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ይባላል። ስሙ ይከብዳል፣ ነገሩን መረዳት ግን አይከብድም። የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር ሰፍተው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ልጆች ሲፈጠሩ ጀምሮ ስፌቱ ላልቷል፣ ወይም ጭራሽ የለም። ቆዳቸው ትንሽ ፈተግ ሲል ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። በዘር የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምች አይደለም፤ ዳማከሴ አትሹበት። እናትየዋንም «እሳት አስነክታው ነው» ብላችሁ አትጠርጥሯት። እሷ የሚበቃትን ያህል አልቅሳለች።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ አራት ናቸው። በብዛት የሚታየው ሲምፕሌክስ ነው። ብዙውን ጊዜ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳ ሳይተውም ይድናል። ሙቀትና ላብ ያብሱታል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ደህና የሰነበተ ልጅ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሊብስበት ይችላል።

ዲስትሮፊክ የሚባለው ግን ጠባሳ ይጥላል። ጥፍር ይረግፋል። ሲከፋ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው እጁ ጡጫ የጨበጠ ይመስላል። ጉሮሮም ይጠባል፤ ቆሎ ቀርቶ እንጀራ መዋጥ ጭንቅ ይሆናል። ካደጉ በኋላ የቆዳ ካንሰር ያሰጋቸዋል። ስለዚህ አልድን ያለ ቁስል ካያችሁ ዝም አትበሉ። ጃንክሽናል በከባዱ መልኩ ብዙ ሕፃናትን ገና በጨቅላነታቸው ይቀጥፋል። ኪንድለር እጅግ ብርቅ ነው፤ ቆዳው ፀሐይም አይችልም።

ከሥሩ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ለዲስትሮፊኩ ቁስል የሚቀባ የጂን ሕክምና ፈቅዳለች። እኛ ግን ዛሬ በእጃችን ባለው ብዙ መሥራት እንችላለን።

ሕፃኑን ብብቱን ይዛችሁ አታንሱ። አንዱን እጅ ከመቀመጫው፣ ሌላውን ከአንገቱ ሥር አስገቡ። ልብሱን ገልብጣችሁ አልብሱት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። የመንዝ ባና ይሞቃል፣ ግን ሱፉ ይፈትጋል፤ ከሥሩ ለስላሳ ጥጥ ይደረግ። ውሃ የቋጠረውን፣ እናንተ ባለሙያዎች፣ በንጹሕ መርፌ ከታች በኩል ብሱትና አፍስሱት። ቆዳውን ግን አትላጡት፣ ክዳኑ እሱ ነው። ቫዝሊን ባለው ፋሻ ሸፍኑና በላዩ ላላ አድርጋችሁ በፋሻ ጠምጥሙ። ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩት። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ። ከዚህ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ለአራስ እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አስተቃቀፉን ከመሄዷ በፊት ማሳየት ያለብን።

አሻንጉሊትና ፋሻ ይዤ መጥቻለሁ። እስቲ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደዚህ ቅረቡ፣ አነሳሱን እንለማመድ።