ነጥቡ የማን ነው?

የተከበራችሁ የቦውሊንግ ሊጋችን አባላት፣ አሠልጣኞች፣ ዳኞች፣ ዘንድሮ የተቀላቀላችሁን ወጣቶችም፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት እጃችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። ዛሬ የያዝኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ ሰው ጥሩ ሲጫወት ከኋላ ወንበር የምትሰማ ንግግር አለች። «እሱ ምን አደረገ? ኳሷ ናት እንጂ የተጫወተችለት!» ዘንድሮ ይህቺን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር አቅቶኛል። አንዳንዴ እውነት አለባት። ብዙ ጊዜ ግን የለባትም። የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የቱ ጊዜ እውነት እንደሆነች የምናረጋግጥበት መንገድ ሳናበጅ መቆየታችን ነው።

ከኳሷ እንጀምር፤ ሌን በምንለው ረጅም መንገድ ላይ ተንከባላ ጫፉ ላይ የቆሙትን 10 ፒኖች ከምትጥለው። በድሮ ጊዜ ኳስ የእንጨት ነበር። ቀጥሎ ጎማ መጣ። በ1970ዎቹ ፕላስቲክ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሬዚን ተከተለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሬዚን ኳስ ሌኑ ላይ በተቀባው ዘይት ተንሸራታ ትሄድና ደረቁ ጋ ስትደርስ ሌኑን ቆንጥጣ ትይዛለች። ከዚያ ትታጠፋለች። ቀኝ እጅ ለሆነ ተጫዋች በ1 እና በ3 ቁጥር ፒን መካከል ወዳለው ፖኬት ወደ 6 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ስትገባ ስትራይክ የማግኘት (10ሩንም ፒን በአንድ ውርወራ የመጣል) ዕድሉ ከፍ ይላል። ቀጥ ብላ የምትሄድ ኳስ ይህን ማዕዘን አታገኘውም። ልብ በሉ፣ ንጹሕ በሆነ ስትራይክ ኳሷ ራሷ የምትነካው 4 ፒን ብቻ ነው፤ 1፣ 3፣ 5 እና 9 ቁጥርን። የቀሩት 6 በሌሎች ፒኖች ተመትተው ይወድቃሉ። ስለዚህ የማዕዘን ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ኳስ ልዩነት አያመጣም የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ነገሩ ዛሬ የመጣም አይደለም። በ1973 ዶን ማኪውን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሽናል የፕላስቲክ ኳሶቹን ኬሚካል ውስጥ እየዘፈዘፈ ያለሰልሳቸው ነበር። በዚያ ዓመት 6 ውድድር አሸነፈ። አጭበረበረ ልንል አንችልም፤ ያኔ የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው የኳስ ጥንካሬ እየተለካ ዝቅተኛ ወሰን የተበጀለት። እጁ የሚደነቅ ነበር፤ ነገር ግን ማሸነፉ ከእጁና ከኬሚካሉ ስንት ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚለይ ሰው የለም።

አሁን ወደ ሌኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ፍቀዱልኝ። ኳስ በዓይን ትታያለች፤ ዘይት ግን አይታይም። ለዚህም ነው ስለ ኳስ ስናማ ውለን ስለ ዘይት የማንጠይቀው። በተለመደው የአዳራሽ ቅብ (ማለትም የዘይቱ አቀባብ) መሃሉ ላይ ዘይት ይበዛል፣ ዳርና ዳሩ ይሳሳል። ወደ ውጭ የሳተች ኳስ ደረቁን ይዛ ትመለሳለች፤ ወደ ውስጥ የሳተች ደግሞ ዘይቱ ላይ ተንሸራታ መስመሯን ትጠብቃለች። ሌኑ ራሱ ይረዳሃል ማለት ነው። ለከባድ ውድድር በሚቀባው የስፖርት ቅብ ግን የመሃሉና የዳሩ ልዩነት ከ3 ለ 1 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ያኔ አንድ ሁለት ቦርድ (የሌኑን ጠባብ ጣውላ) መሳት ዋጋ ያስከፍላል።

እኔም ቀምሼዋለሁ። በሊጋችን አማካይ ነጥቤ 208 በነበረበት ዓመት የስፖርት ቅብ ያለበት ውድድር ሄድኩ። ኳሷ ያቺው፣ እጄም ያው። 171፣ 158፣ 163 አመጣሁ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ 10 ቁጥር ፒን አምስት ጊዜ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ ሦስቱን ሳትኳት። ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት፣ ያ 208 የሚባለው ነጥብ የማን ነበር የሚለውን ነው። የእኔም ነበር፣ የዘይቱም ነበር። ነጥቡ አጠገብ ግን ስለ ዘይቱ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም።

አሜሪካዊውን ተጫዋች ግሌን አሊሰንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1982፣ በ52 ዓመቱ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሃብራ በሚባል ከተማ ሦስት ጨዋታ ተጫወተ። 300፣ 300፣ 300፤ ሁሉም የአንድ ጨዋታ ጣሪያ ነጥብ፣ ድምሩ 900። 36 ስትራይክ በተከታታይ! ከእሱ በፊት ማንም ያላደረገው ነገር ነው። የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ሌኑን መረመረና የዘይቱ አቀባብ ደንቡን አያሟላም ብሎ ሳያጸድቀው ቀረ። የጸደቀ የመጀመሪያው 900 የተመዘገበው በ1997 ነው፤ ጀርሚ ሶነንፌልድ በተባለ ወጣት። አሊሰን ሌኑን አልቀባም። 36 ጊዜ ኳሷን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳረፈው እጁ ነው። ዘይቱ ከጨዋታው በፊት ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ክርክር ባልነበረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቁጥጥር ሲዘገይ የሚጎዳው ያጠፋው ሰው ላይሆን ይችላል።

የእኛንም ቤት ላንሳ። ዘንድሮ አንዲት ወጣት አባላችን ላይ ብዙ ተወራ። አዲስ ኳስ ስለገዛች ነው ተባለ። አንድ ምሽት ሁላችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ቁልፍ ረስቼ ተመለስኩ። ብቻዋን 10 ቁጥር ፒን ላይ ትወረውር ነበር። የያዘችው ያቺን የተወራባትን ኳስ አልነበረም። የማትታጠፍ፣ ቧጨራ የሞላባት አሮጌ የፕላስቲክ ኳስ ነበረች። ከግራ ተነስታ ሌኑን አቋርጣ ትልካታለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትልካታለች። አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር። ተደብቄ 40 ውርወራ ቆጠርኩ። በኋላ ዳኞች የተወራባትን ኳስ መዘኗት፤ ምንም አልተገኘባትም። ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አልሰማሁም። በዚህ አዝኛለሁ።

አውስትራሊያዊው ፕሮፌሽናል ጄሰን ቤልሞንቴም በሁለት እጁ ስለሚወረውር «ይሄ ጨዋታ አይደለም» ሲባል ኖሯል። ዛሬ 15 ሜጀር (ከትልልቆቹ የፕሮፌሽናል ውድድሮች ድል) አለው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 10 ነበር።

ስለ ሃንዲካፕ (አማካዩ ዝቅ ላለ ተጫዋች ስለሚጨመርለት ነጥብ) ግን በጎ ቃል የለኝም። ሆን ብሎ አማካዩን ዝቅ አድርጎ ይዞ የውድድር ቀን የሚፈነዳ ሰው ከማንኛውም ኳስ የበለጠ ሊጋችንን ይጎዳል። ይሄ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለድምፅ የሚያቀርበው ይህን ነው። ከውድድር በፊት የዘይቱ ቅብ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በመዝገባችን ከእያንዳንዱ አማካይ ነጥብ ጎን የተጫወቱበት ቅብ ይጻፋል። ኳሶች ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት ይመዘናሉ፤ ከ16 ፓውንድ የሚበልጥ አይገባም፣ ከነሐሴ 2020 ወዲህ በአሜሪካ ደንብ የተከለከለው የማመጣጠኛ ቀዳዳም (ለጣት ሳይሆን የኳሷን ሚዛን ለመለወጥ የሚበሳው) አለመኖሩ ይታያል። ቅሬታ ያለው በስሙ፣ በጽሑፍ፣ ለዳኛ ያቀርባል። ከኋላ ወንበር የሚወረወር ቃል እንደ ቅሬታ አይቆጠርም።

ሚዛኑ ዛሬ መጥቷል፤ መግቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠዋት የእኔን ኳሶች መዝነው ውጤቱን ለጥፈውታል፣ ሄዳችሁ እዩት። ከሻይ ዕረፍት በፊት የእናንተንም እንድታመጡ እጠይቃለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያውን አጀንዳ የዳኞች ኮሚቴ ያቀርባል።