ሳምንቱን ሙሉ አንድ ወጥ እንዳይሆን

(በአንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጋበዝኩት ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ እንድናገር ነው። የምግብ ዝግጅት አስተማሪ ነኝ። የማሠለጥናቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ሆቴል ይቀጠራሉ። እኔን ግን ከሆቴሉ ወጥ ቤት ይልቅ የሚያሳስበኝ እናትም አባትም ሥራ ውለው የሚገቡበት ቤት ወጥ ቤት ነው። ሆቴል ውስጥ ሽንኩርት የሚልጥ፣ ወጥ የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያጥብ ለየብቻ አለ። እናንተ ዘንድ ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ያውም ደክሞት ከገባ በኋላ።

የዚህ ትምህርት ቤት መምህራን የነገሩኝን ልንገራችሁ። ሰኞ ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ባዶውን ይመለሳል። ማክሰኞም ደህና ነው። ረቡዕ ላይ ግማሹ ይተርፋል፤ ሐሙስ ደግሞ ክዳኑን ከፍተው አይተው መልሰው የሚዘጉ ልጆች አሉ። ምግቡ ተበላሽቶ አይደለም፤ የእናቲቱ እጅም አልከፋም። እሑድ በትልቅ ድስት የተሠራው ምስር ወጥ ወይም ሥጋ በድንች ለአራተኛ ቀን ስለመጣ ነው። በዚህ ልጁን መቆጣት አይገባም። ሰው አንድን ጣዕም ሲደጋግመው ለዚያ ጣዕም ያለው ፍላጎት ይቀንሳል፤ ለሌላው ግን እንዳለ ይቆያል። ወጡን እንቢ ያለው ልጅ ብርቱካን ሲያገኝ የሚበላው ለዚህ ነው። እኛም አዋቂዎቹ ያው ነን፤ ልዩነቱ እኛ ገንዘቡን ያወጣነው ስለሆንን ዝም ብለን መብላታችን ነው።

እንግዲህ መፍትሔው በየቀኑ አዲስ ወጥ መሥራት ነው ብል ማንም አይሰማኝም፤ ልክም አልሆንም። ማታ 1 ሰዓት ቤቷ የደረሰች እናት ሽንኩርት አቁላልታ ወጥ እስኪደርስ ልጆቹ ይተኛሉ። እሑድ አምስት ዓይነት ወጥ ሠርታችሁ አስቀምጡም አልልም፤ የዕረፍት ቀናችሁ ምድጃ ሥር ማለቅ የለበትም። የምለው አንድ ነገር ነው። እሑድ መሠረቱን እንሥራ፤ ወጡን ግን እዚያው አንጨርሰው። የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለየዕለቱ እናቆያት።

ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም። እናቶቻችን በርበሬውን ለዓመት ያስፈጫሉ፤ ሽሮውን ያዘጋጃሉ፤ ቅቤውን ያነጥራሉ፤ ቋንጣውን ይሰቅላሉ፤ እንጀራው ሲተርፍ ድርቆሽ ያደርጉታል። በሶውም አለ። አድካሚው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ ወጡ ግን የዕለቱ ነው። ድንገት እንግዳ ቢመጣ ሽሮ እስኪፈላ መጠበቅ ብቻ ነበር። እኛ ፍሪጅ ገባልንና ያለቀለትን ወጥ በባልዲ ማስቀመጥ ጀመርን። ፍሪጁ መልካም ነው፤ የምናስገባበትን ነገር ነው መለወጥ ያለብን።

ወደ ሥራው ልግባ። ዋናው ቁሌት ነው።

እሑድ፣ ቤተሰቡ አምስት ሰው ከሆነ፣ ወደ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉ። በብረት ድስት ያለ ዘይት፣ እሳቱን መጠነኛ አድርጋችሁ፣ ውኃውን እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ አቁላሉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት የገባበት ወጥ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ምንም ቅመም አያስተካክለውም። ከዚያ ዘይቱን ጨምራችሁ ጥቂት ካቁላላችሁ በኋላ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ላይ በርበሬ ጨምሩና ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አብስሉት፤ ይህ ቀዩ ነው። ሌላው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይግባ፤ ይህ አልጫው ነው። ሁለቱንም የአንድ ቀን ወጥ በሚበቃ መጠን በየዕቃው ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ። ለሰኞና ለማክሰኞ የሚሆነው ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ይግባ። ፍሪዘር ውስጥ ቁሌት ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ጣዕሙ ብዙ አይጎዳም።

ቅቤ አትጨምሩበት። ቁሌቱ የጾም ሆኖ ከተቀመጠ ረቡዕና ዓርብም ያገለግላል፤ የፍስክ ቀን ከሆነ ንጥር ቅቤውን በመጨረሻ ጣል ማድረግ ነው። አንድ ድስት ለሁለቱም ዓይነት ቀን ሠራ ማለት ነው።

ከቁሌቱ ጎን ለጎን፣ እሳቱ ከተያያዘ አይቀር፣ ሌሎች ነገሮችን ለብቻቸው ቀቅሉ። ድፍን ምስር፣ ክክ፣ የተቆረጠ ጎመን፣ ጥቂት እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ ቀይ ሥር። ሳትቀላቅሉ፣ ሳታቀምሙ በየዕቃቸው ይቀመጡ። ሳምንቱ የሚለያየው እዚህ ጋ ነው። ሰኞ ቀዩ ቁሌት ላይ የተፈጨ ሥጋ ሲገባ ምንቸት አብሽ ይሆናል። ማክሰኞ ክኩ አልጫው ላይ ይገባል፤ አጠገቡ ቀይ ሥር። ረቡዕ ድፍን ምስሩ ያለ እሳት፣ በሰናፍጭ፣ በቃሪያና በሎሚ አዚፋ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ጎመንና ትንሽ ሽሮ ከታከለበት ምሳ ዕቃው በያይነቱ ሆነ ማለት ነው። በሥጋ ቀን የሚሰለቸው ልጅ በጾም ቀን ደስ ብሎት የሚበላው ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመስለኛል፤ በያይነቱ ላይ ትኩሱም ቀዝቃዛውም፣ ኮምጣጣውም የሚያቃጥለውም በአንድ እንጀራ ላይ አሉ። ይህን ጥበብ ለረቡዕና ለዓርብ ብቻ መተው የለብንም። በፍስክ ቀንም ከወጡ አጠገብ አንድ ቀዝቃዛ፣ አንድ ኮምጣጣ ነገር ይኑር። የቲማቲም ስላጣ ይሁን፣ አይብ በጎመን ይሁን፣ ሰናፍጭ ይሁን። ሎሚውና ቲማቲሙ ሌላም ሥራ አላቸው፤ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲወስደው ያግዛሉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይህንን ይቀንሳልና ለልጆች ከምሳ ጋር አታድርጉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ልናገር፤ መከለሻውን። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ሽታቸው በእሳት ይበናል። እሑድ ተከልሶ ረቡዕ ለሦስተኛ ጊዜ የሚሞቅ ወጥ ሽታው ሄዷል፤ የቀረው ማቃጠሉና ጨው ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ወጥ ሲሞቅ በዚያው ቀን ይከለስ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ አንድ ፍሬ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከተገኘ አንድ ዘለላ በሶብላ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ምግቡን ግን የዛሬ ያደርገዋል። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ሥጋ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበሰለ ሥጋና ዶሮ ፍሪጅ አድሮ ሲሞቅ ስቡ የሚያመጣው ደስ የማይል ሽታ አለ። እሱን ለማምለጥ ጥሬውን በየዕለቱ መጠን ከፋፍሎ ፍሪዘር ማስገባትና ቁሌቱ ላይ በዕለቱ ማብሰል ይሻላል። ከፍሪዘር ማውጣት ያለበት በዋዜማው ማታ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟ፣ ጠረጴዛ ላይ አይደር። ድንች ያለበትን ወጥ ፍሪዘር አታስገቡ፤ ሲወጣ ድንቹ ይፈረፈራል፣ ውኃ ያዝላል። ፓስታና መኮሮኒ የምትቋጥሩ ከስጎው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አብረው ካደሩ ስጎውን ሁሉ ይጠጣዋል።

አሁን የምናገረው የጤና ጉዳይ ስለሆነ በትዕግሥት ስሙኝ። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ትልቁን ድስት እንዳለ ካስገባችሁት መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ ዝርግ በሆኑ ትንንሽ ዕቃዎች ይገልበጥ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። በዚህ ሁኔታ የበሰለ ምግብ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። የእሑድ ወጥ ዓርብ ለልጅ መሰጠት የለበትም ማለት ነው። ለዚህ ነው ሳምንቱን ለሁለት እንክፈለው የምለው። እሑድ ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለረቡዕ ይዘጋጃል፤ ረቡዕ ማታ ደግሞ ቁሌቱ ከፍሪዘር ስለሚወጣ በግማሽ ሰዓት ሐሙስንና ዓርብን መጨረስ ይቻላል። ሩዝን ለብቻው ልጥቀስ። ጥሬው ሩዝ ላይ ያለው ባክቴሪያ መቀቀልን የሚቋቋም ዘር አለው፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ደጅ ካደረ ይራባል፤ የሚያመነጨውም መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ማታ ተቀቅሎ ድስቱ ውስጥ ያደረ ሩዝ ጠዋት ምሳ ዕቃ ውስጥ አይግባ።

መብራት ሲጠፋስ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት። ስለዚህ መብራት ሲሄድ በሩን እየከፈቱ ማየት አያስፈልግም። ፍሪዘራችሁ ባዶ ቦታ ካለው ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ፣ ትንሽ ጎደል አድርጋችሁ፣ አስገቡበት። መብራት ሲጠፋ በረዶው ያግዛል። ፍሪጅ የሌላችሁ ወላጆችም እዚህ አላችሁ፤ ለእናንተ የምለው ደረቁን መንገድ ያዙ ነው። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። በእነዚህ ብቻ ሳምንቱን መለዋወጥ ይቻላል፤ ድርቆሽ ፍርፍር በቋንጣ ከየትኛውም የፍሪጅ ወጥ አያንስም።

እንጀራውም ድርሻ አለው። ከምጣድ የወጣው ሳይቀዘቅዝ ከተደራረበና ከተሸፈነ ላብ ያጠራቅማል፤ ቶሎ ይሻግታል። ቀዝቅዞ ይደራረብ። የደረቀውም አይጣል፤ ለፍርፍር ከእሱ የተሻለ የለም። ደግሞ በሳምንት አንድ ሁለቴ ከእንጀራ ውጡ። ቂጣ አለ፣ ጨጨብሳ አለ፣ ቅንጬ አለ፣ ቆጮ አለ። ከተማችን የሁሉም አገር ሰው ያለባት ናት፤ ጎረቤታችሁ ጉራጌ ከሆኑ ጎመን ክትፎ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ከትግራይ የመጡ ካሉ ጥህሎ ያሳዩአችኋል። ሙስሊም ወላጆች በረመዳን የምታደርጉትን እኛም ልንማር ይገባል፤ ሳምቡሳው አስቀድሞ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል፣ ለኢፍጣር ትኩሱ ይጠበሳል። መሠረቱን አስቀድሞ፣ መጨረሻውን በሰዓቱ የምለው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከወደቀ ግን አይዘልቅም። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት መላጥ የአንዲት ሴት ሥራ መሆን የለበትም። አባቶች፣ እሑድ ጠዋት ቢላ ያዙ። ልጆችም ምስር ይልቀሙ፣ ካሮት ይጠቡ፣ እንቁላል ይላጡ። ልጅ የሠራውን ይበላል፤ ይህን በሙያዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ለሳምንቱ አንዳንድ ነገር ይምረጥ፤ ትንሹ ልጅ «ፓስታ» ካለ ፓስታው ይጻፍለት፣ ቀኑም ይወሰንለት። የራሱ ቀን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ በሌላው ቀን የእህቱን ጎመን ሲበላ ብዙ አያስቸግርም። በቤታችሁ የምታግዛችሁ ሠራተኛ ካለች እሷም ከመራጮቹ ትሁን፤ የእሷም አገር ምግብ አለ፣ እጇም ያውቀዋል።

በአንድ ሳምንት ሁሉን ለመለወጥ አትሞክሩ። በመጀመሪያው እሑድ ቁሌቱን ብቻ ሠርታችሁ ከፋፍሉ። በሁለተኛው የተቀቀለ ጥራጥሬ ጨምሩበት። የምታውቋቸው ሦስት ወጦች እንዳሉ ይቀጥሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ብቻ አዲስ ይግባ። አዲሱ ካልተወደደ አይከፋችሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይሞከራል።

ተማሪዎቼ ዛሬ ጠዋት እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከአንድ ድስት ቁሌት ምስር ወጥ፣ ዱባ ወጥና የመኮሮኒ ስጎ ሠርተዋል። በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። አንደኛው ሳህን ትናንት ተከልሶ ያደረ ምስር ነው፤ ሁለተኛው ያው ምስር ሆኖ ዛሬ የተከለሰ ነው፤ ስማቸው ተጽፎባቸዋል። ሁለቱንም ቅመሱና ልዩነቱን ራሳችሁ ፍረዱ። የቁሌቱ አሠራር የተጻፈበት ወረቀትም እዚያው አለ፤ አንዳንድ ውሰዱ። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ እኔ ጠረጴዛው ጋ እቆማለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።